ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ኃይለመስቀል ከጎባ ወደ ሮቤ የመጣው የእኅቱን ፎቶ ሊያሳድግ ነበር። የእኅቱ የአዜብ አርባ በዚያው ሳምንት እሑድ ይውላል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚተከለው ድንኳን ውስጥ ፎቶዋ በትልቁ ታትሞ፣ በፍሬም ሆኖ መቆም አለበት፤ የመቃብሩን ድንጋይ የሚሠራው ሰውም አንድ ቅጂ እየጠበቀ ነው። በቤታቸው ግን ፊቷ በደንብ የሚታይበት አንድም ፎቶ አልተገኘም። አዜብ ካሜራ ስታይ የምትሸሽ ሰው ነበረች። በኃይለመስቀል ሰርግ ላይ እንኳ የተነሣችው ሁሉ ወይ ጀርባዋ ነው ወይ የነጠላዋ ጫፍ። የቀረው የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ነው። እሱም ፕላስቲኩ ተላቆ ውሃ ገብቶበት፣ ከአገጯ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ እድፍ ሆኗል።

«እትዬ ማንያህልሻል፣ ይህን የተነሣችው እርስዎ ዘንድ ነው» አለና መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። «መጋረጃውን አውቀዋለሁ።»

ማንያህልሻል መታወቂያውን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። ሰማያዊው መጋረጃ የእሷ ነው። «መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«መታወቂያው የተሰጣት መስከረም 2012 ነው። ፎቶውን የተነሣችው ግን ጥቂት ቀደም ብላ፣ ጳጉሜን ላይ ነው። ‹ለአንዲት ጉርድ ፎቶ ብዬ ሮቤ ድረስ ሄጄ ዝናብ ደበደበኝ› ብላ ስታማርር ትዝ ይለኛል።»

«ጳጉሜን መሆኑን ካወቁልኝስ ይገኛል። ችግሩ ሌላ ነው» አለችና ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ይሄ ከጠዋት ጀምሮ አልነሣ ብሎኛል።»

አጨዳው ላይ ዝናብ መጥቶ፣ ኮምባይነሮቹ ሁሉ ማሳ ዳር ቆመው፣ መብራት ሄድ መለስ ሲል የሰነበተበት ሰሞን ነው። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ ደጋግሞ ስለጠፋ ዊንዶውሱ ተበላሸ። ቁልፉ ሲጫን ይበራል፣ ራሱን እየጠገነ መሆኑን ይናገራል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። አዜብ በዚያ ዙሪያ ጥምጥም ውስጥ ናት።

ማንያህልሻል ተወልዳ ያደገችው ደሎ መና ነው። ሮቤ የመጣችው ፎቶ አንሺ አግብታ ሲሆን፣ ሙያውን የተማረችው ከባሏ ነው፤ ያኔ ፎቶ በፊልም ነበር። ባሏ ሲሞት ሱቁንና ካሜራውን ይዛ ቀረች። ፊልም ሲቀር ኮምፒውተር ገዛች፤ ፊት ማስተካከሉን፣ ጀርባ ማንጣቱን፣ በጉርድ ልክ መቁረጡን ራሷ እየሞከረች ለመደችው። ሥራዋ በአብዛኛው የመታወቂያ ፎቶ ነው። ከጎሮና ከአንገቱ ከተሞች፣ ከየገጠሩም ለመታወቂያና ለትምህርት ቤት ምዝገባ የሚመጣውን ሰው ታነሣለች።

የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሌላ ሥራ ይሠራል። ለብዙ ሰው በሕይወቱ ፊት ለፊት፣ በጥሩ ብርሃን፣ ቀና ብሎ የተነሣው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ ማንያህልሻል ይመጣል። እሷም የሟቹን ስም አትጠይቅም። የምትጠይቀው «መቼ ተነሣ?» ብላ ነው። ፎቶዎቹን ያስቀመጠቻቸው በስም ስላልሆነ ነው፤ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ስም መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ስሙም ይመሳሰላል። ኮምፒውተር ግን ማንም ሳያዘው በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የተቀመጠበትን ቀን ያትማል። የእሷ መዝገብ ያ ቀን ነው። «ከመውሊድ ማግስት»፣ «ጥምቀት ሲቃረብ»፣ «ስንዴው ሳይታጨድ» ይሏታል፤ እሷ ወደ ቀን ትለውጠውና ፊቱን ታወጣዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የማንያህልሻል ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ አይደለም። ገና ሲገዛ ቀኑን በእጇ ወደ እኛው አቆጣጠር መልሳዋለች። «እዚህ አገር እየኖረ የዚህን አገር ቀን ይቁጠር እንጂ» ነው ያለችው። እንዲህ ያለው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ማሽኑ ግን በልቡ ፈረንጅ ስለሆነ ወሮቹ ከወሮቻችን ጋር አይገጥሙም። ጥቅምት ለእሱ ሁለተኛ ወር ናት፤ ሁለተኛዋ ወር ደግሞ በእሱ ዘንድ ሠላሳ አትሞላም። አብዛኞቹ ሌሎቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ስለዚህ ማንያህልሻል ወር በጠባ ቁጥር ቀኑን ታርማለች። ጳጉሜን ግን ጭራሹን የለችም። አሥራ ሦስተኛ ወር ጻፍ ቢሉት አይጽፍም። ለዚህ ያገኘችው ዘዴ የፈረንጆቹ አሥራ ሁለተኛ ወር ላይ የምትተርፈውን ሠላሳ አንደኛዋን ቀን ለጳጉሜን መስጠት ነው። ጳጉሜን ከገባች ጀምሮ በየማለዳው ቀኑን ወደዚያችው ትመልሰዋለች፤ የጳጉሜን ሰው ሁሉ በዚያች በአንዲት ቀን ውስጥ ይከማቻል። እስከ መስከረም አንድ ድረስ ኮምፒውተሩ ከሠላሳ አንድ ንቅንቅ አይልም።

ኃይለመስቀል ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ ጀይላን መጣ። ጀይላን ከመናኸሪያው ጎን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው።

«አካም እትዬ፣ ነጋዻ?» ሲል በኦሮምኛ ደኅና መሆኗን ጠየቃት።

«እኔ ነጋ ነኝ፣ ገለተ ረቢ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እሱ ነው ነጋ ያልሆነ» አለች ወደ ኮምፒውተሩ ጠቁማ።

ጀይላን ጥቂት ነካክቶ ቀና አለ። «ዊንዶውሱ ሄዷል። ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንልዎት?»

በከተማው ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው ነው። ፎርማት ማለት ቤቱን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው፤ ሕመሙም ይሄዳል፣ ዕቃውም ይሄዳል። ማንያህልሻል አንድ ጊዜ ደርሶባታል። ከዓመታት በፊት የበፊቱ ኮምፒውተሯ ሲበላሽ አንድ መንገደኛ ጠጋኝ ፎርማት አደረገውና፣ ኋላ ስታለቅስበት የጠፉትን ፎቶዎች በማውጫ ፕሮግራም ለቅሞ አመጣላት። ፊቶቹ ተመለሱ፤ ቀናቸው ግን አልተመለሰም። ሁሉም ተለቅመው የወጡበትን ያንኑ አንድ ቀን ይዘው ተከመሩ። ከዚያ ክምር ውስጥ የማንንም ፎቶ ማግኘት አልቻለችም።

«ፎርማት የሚሉትን ነገር እዚህ ቤት አታንሣ» አለችው።

«እሺ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ልገልብጠው እንዳልል ትርፍ ዲስኬን ደሎ መና ልኬዋለሁ። እስከ እሑድም አይመለስም። በፍላሽ እንዳልሞክር ፎልደርዎ የበሬ ቆዳ ያክላል።»

«ታዲያ?»

ጀይላን አሰበ። «ዊንዶውሱን ሳንነካ ከጎኑ ሌላ ሲስተም እንጫን። ሊኑክስ የሚባል። የታመመው እንደተኛ ይተኛ፤ አዲሱ በራሱ ክፍል ተቀምጦ የእሱን ዕቃ ያያል።»

«በአንድ ቤት ሁለት አባወራ?»

«አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው ነው እንጂ አብረው አይነሡም፣ እትዬ። አይጣሉም።»

የሚሠራው እንዲህ ነው። ጀይላን ሲስተሙን የያዘውን ትልቅ ፋይል በራሱ ላፕቶፕ ላይ አውርዶ አስቀምጦት ነበር። ፋይሉን እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ግን አይበቃም፤ ፍላሹ ኮምፒውተር የሚያስነሣ እንዲሆን በልዩ ፕሮግራም ይጻፍበታል፣ ሲጻፍም በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቀጥሎ ተራ ማስያዝ አለ። መናኸሪያ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ተራ አስከባሪው ነው። ኮምፒውተርም ሲበራ የመጀመሪያውን ተራ ሁልጊዜ የሚሰጠው ለሃርድ ዲስኩ ነው። ፍላሹ ቢሰካም ዞር ብሎ አያየውም። እንደበራ፣ ገና ምንም ሳይታይ፣ ከላይ ካሉት ቁልፎች ትክክለኛዋን ቶሎ ቶሎ መጫን ለተራ አስከባሪው «ዛሬ ይሄኛው ይቅደም» ማለት ነው። ጀይላንን ሁለቴ አመለጠችው። በሦስተኛው ዝርዝር ወጣ፤ ፍላሹን መረጠ፤ ስክሪኑ ጠቆረና ማንያህልሻል አይታው የማታውቀው ገጽ ተከፈተ።

ገና ምንም አልተጫነም። በጣም የሚገርመው ይህ ነው፤ ሲስተሙ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ሆኖ መሥራት ይችላል። ጀይላን የዊንዶውሱን ክፍል ፈልጎ ከፈተ። ፎልደሩ ውስጥ ፊቶቹ በረድፍ በረድፍ ብቅ አሉ፤ ሽበት ያላቸው፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሡና ትንፋሻቸውን የያዙ። ማንያህልሻል ቀኖቹን አየች። ቀኖቹ በቦታቸው አሉ። ወንበር ስባ ከጀይላን ጎን ተቀመጠች።

«ታዲያ አሁን አንፈልጋትም?» አለ ኃይለመስቀል።

«ፍላሹ ላይ ያለው እንግዳ ነው» አለ ጀይላን። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያስለመድነውን ሁሉ ረስቶ ነው የሚነሣው። ፕሪንተሩን ከፎቶው ጋር ሳናስማማ አንዴ ብልጭ ቢል ከዜሮ እንጀምራለን። ቋሚ እናድርገው።»

የሚያስፈራው ደረጃ ይህ ነበር። የማንያህልሻል ሃርድ ዲስክ እንደ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በግድግዳ የተከፈለ ነው። በአንዱ ክፍል ዊንዶውሱና ፊቶቹ አሉ፤ በሌላው ማንም የማያያቸው የድሮ ፊልሞች። መጫኛው መጀመሪያ የሚያቀርበው ምርጫ ሁሉንም አጥፍቶ ብቻውን መቀመጥ ነው፤ እሺ እሺ እያለ የሚጫን ሰው ፊቶቹን በአንድ ጣት ይደመስሳቸዋል። ከመነካቱ በፊት ቅጂ መያዝ ይገባ ነበር፤ አልተቻለም። ጀይላን በእጅ መምረጫውን ከፈተ። ሁለቱ ክፍሎች ከነስፋታቸው ተዘረዘሩ።

«የፊልሙ ክፍል የቱ ነው?»

«ትንሹ» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወደ ኋላ ተመለስና ሁለቱንም ከፍተህ አሳየኝ» አለችው። ተመልሶ ከፈተላት። ትንሹ ክፍል ፊልም ብቻ ነው። እንደገና ወደ መጫኛው ሄዱ። «አሁን እርግጠኛ ነኝ። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥብህ።»

«የሚንቀጠቀጠው የእርስዎ ወንበር ነው» አለና ጀይላን ትንሹን ክፍል መርጦ ተጫነ።

መብራት ሳይጠፋ አለቀ። ፍላሹ ተነቀለ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የሁለት ሲስተሞች ስም ተጽፎ ምርጫ አቀረበ። የላይኛውን፣ አዲሱን መረጡ። ጀይላን ለፕሪንተሩ የሚያስፈልገውን ለማውረድ ከስልኩ ኢንተርኔት ሲሰጠው ደግሞ፣ አዲሱ ሲስተም ማንንም ሳያስፈቅድ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አረመው።

«ኮምፒውተርዎ በአንድ አፍታ ሰባት ዓመት አረጀ» አለ ጀይላን።

«ዕድሜ ሰጥቼው ነበር፤ አልተጠቀመበትም።»

ኃይለመስቀል ፈገግ አለ፤ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የድሮዎቹ ፎቶዎች ቀን እንዳለ ነው። ማንያህልሻል ወንበሩን ተረክባ ወደ 2011፣ አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳ አንደኛዋ ቀን ሄደች። በሌሎቹ ዓመታት ያቺ ቀን ገና ሲከፍቷት በተማሪ ፊት የተጨናነቀች ናት። በዚህኛው ዓመት ግን ጥቂት ፊቶች ብቻ ነበሩ። አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አዜብ የለችም። እንደገና ከመጨረሻው ጀመረች። የለችም።

«ምናልባት ጳጉሜን አልነበረ ይሆን?» አለች።

«ጳጉሜን ነው» አለ ኃይለመስቀል። ድምፁ ወረደ። «በጳጉሜን ዝናብ ብላኛለች እኮ።»

ከውጪ የመናኸሪያው ጥሪ ይሰማል፤ ጎሮ፣ ጎሮ፣ ጎሮ። ኃይለመስቀል መታወቂያውን ከባንኮኒው አንሥቶ እድፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፤ ከሥሩ ፊቷ ይወጣ ይመስል።

ማንያህልሻል እጇን ከማውሱ አላነሣችም። ያቺን ቀን አልፋ ወደ ታች ወረደች። መስከረም አንድ 2012 የሚለው ቀን ላይ ስትደርስ ቆመች። በዚያ ቀን ሥር ረድፍ ሙሉ ሰው አለ።

«መስከረም አንድ ሱቄን ከፍቼ አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «በዘመን መለወጫ ጉርድ የሚነሣ ማን ነው?»

ከዚያ ትዝ አላት። ያን ዓመት በጳጉሜን እናቷ ደሎ መና ላይ አርፋ ነበር። ስልክ የተደወለላት ጳጉሜን አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ነው። የምዝገባ ሰሞን ስለነበር ሱቁን ለጎረቤቷ ለሶፍያ ትታላት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተራራውን አቋርጣ ወረደች። ሶፍያ ከስልጤ መጥታ ከጎን ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ፎቶ ማንሣቱንና ማስቀመጡን አብሮ ከመዋል ለምዳዋለች። ማንያህልሻል ከባንኮኒው ሳትነሣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገች። ሶፍያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች።

«ሶፊ፣ የእናቴ ለቅሶ ጊዜ ሱቁን ስትይዢልኝ የኮምፒውተሩን ቀን ነክተሽው ነበር?»

«ወላሂ አልነካሁትም» አለች ሶፍያ ደንግጣ። «ያንቺን ማሽን ማን ይነካል? እያነሣሁ አስቀምጥ የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

ሶፍያ አደራዋን በደንብ ጠብቃለች፤ ምንም አልነካችም። ቀኑን በየማለዳው ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው ለቅሶ ላይ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ እንደ ተፈጥሮው ከሠላሳ አንድ አልፎ አዲስ ዓመት ገባ። ሮቤ ገና ጳጉሜን ውስጥ ሳለች እሱ መስከረምን ጀምሯል። የዚያ ዓመት የጳጉሜን ሰዎች በመስከረም መጀመሪያ ቀናት ውስጥ ነው ያሉት።

አንዱን ቀን አለፉ፤ በሚቀጥለው ላይ ኃይለመስቀል ከወንበሩ ሳይነሣ «እሷ ናት» አለ።

አዜብ በሰማያዊው መጋረጃ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፤ ቶሎ በይ የምትል ትመስላለች። ሸሽታ የማታመልጥበት አንድ ወንበር ይህ ነበር። ኃይለመስቀል ለረጅም ጊዜ አያት። ሶፍያ ከኋላ ሆና «ትዝ ትለኛለች» አለች። «ጃንጥላዬን አውሼአት መልሳልኛለች። አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ።» ራሱን ነቀነቀ። ማንያህልሻል ፀጉሯን ታስተካክለው እንደሆን ጠየቀችው፤ እንዳትነካው አለ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ስቦ ማተም ጀመረ።

እሑድ ዕለት ማንያህልሻል፣ ሶፍያና ጀይላን በአንድ ሚኒባስ ወደ ጎባ ሄደው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። አዜብ ከፊታቸው ቆማ ነበር፣ ከነርጥብ ፀጉሯ።

ከጎባ ሲመለሱ ማንያህልሻል ጀይላንን አንድ ነገር ጠየቀችው። «እኔ ያኔ ደሎ መና ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ያቺን ልጅ ማን ያወጣት ነበር?»

«ማንም» አለ።

አሁን ዲስክ ገዝታ ፊቶቹን ሁሉ ከነቀናቸው ገልብጣለች። ዊንዶውሱም በቦታው ነው፤ ጀይላን ሊጠግነው ቢችልም እሷ አልቸኮለችም። በአዲሱ ሲስተም የምታነሣውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን አገርና የእኛን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ራሷ ትጽፋለች፤ ጳጉሜንም በስሟ ትጻፋለች። ሰልፉ ረዝሞ ሰው ቢያጉረመርም ትጽፋለች። በድሮዎቹ ላይ ያለውን ቀንም ከፈረንጁ ማሽን ልማድ እያላቀቀች በጽሑፍ ታሰፍራለች፤ እሷ ባትኖርም ማንም እንዲያነበው ነው።

ከባዱ ያ ቀን የሌለው ክምር ነው። ለእሱ አዲስ መንገድ ይዛለች። የሱቋ መጋረጃ መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ሰማያዊው መጣ። ሰማያዊው ከመጣ በኋላ በግራ በኩል በምስማር ተይዞ ተቀደደ፤ ኋላም በጥቁር ክር ተሰፋ። ስለዚህ መጋረጃው ራሱ ዘመን ይናገራል። ስክሪኑን ወደ ደንበኞች ወንበር አዙራዋለች፤ ከጎሮና ከአንገቱ የመጣ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ክምሩን ያያል፣ አንዳንዱም «ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ባዳሳ ነው» ይላል። ያኔ አንድ ፊት ከክምሩ ወጥቶ ስም ያገኛል።

ዛሬ ከክምሩ ወጥተው በስክሪኑ ላይ ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። መጋረጃው ሰማያዊ ነው። ቀዳዳው አለ፤ ክሩ ገና የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ማንያህልሻል የፎቶውን ግራ ጠርዝ አጉልታ፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ የሽማግሌው ትከሻ ላይ ያለው ነገር የክረምት ዝናብ ጠብታ ይሁን የአጨዳ ወቅት የእብቅ ብናኝ ለመለየት ጎንበስ ብላ እያየች ነው።